ከማኮብኮቢያ አጠገብ ለምንኖር፦ የአውሮፕላን ድምፅ እንዲቀንስ ምን ብለን እንጠይቅ?

ሰገነት
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አውሮፕላኖች ለማረፍ በሚያዘቀዝቁበት መስመር ሥር ነው፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የማረፊያው አስተዳደር ነዋሪውን ሰብስቦ ሊያነጋግር ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ "አንቺ ተናገሪልን" ብለውኛል።

መናገሩ አያስፈራኝም፤ የቸገረኝ የምጠይቀው ነው። "ጫጫታው አማረረን" ብንል "እንረዳችኋለን፣ በጥናት ላይ ነው" ብለው ይሸኙናል። ሙያው ያላችሁ እስቲ አስረዱኝ፦ ሌላው ዓለም ያሉ ማረፊያዎች በተጨባጭ ምን አድርገው ነው ድምፅ የቀነሱት? ሰፈራችን ውስጥ በብዛት የሚነሳው ሐሳብ "ትልቅ ግንብ ይሠራልን፣ ዛፍ ይተከልልን" የሚል ነው። ያዋጣል? ደግሞ አንዳንዱ አውሮፕላን ሲያልፍ ከሞተሩ ድምፅ ሌላ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። እሱስ ከምን የመጣ ነው?

ተርባይን
ሰላም ሰገነት። ከግንቡ ልጀምርና ተስፋ ላስቆርጥሽ። ግንብ የሚጠቅመው በአንቺና በድምፁ ምንጭ መካከል መቆም ሲችል ነው። ከላይሽ የሚያልፈውን በምን ይጋርደዋል? መሬት ላይ ላለ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከጥገና በኋላ ሞተር ሲሞከር፣ ይረዳል፤ እሱም ለቅርብ ጎረቤት ብቻ። ዛፍ ለዓይን ደስ ይላል፤ ጥቅጥቅ ያለና ሰፊ ደን ካልሆነ በስተቀር ግን በድምፅ በኩል ከቁጥር የሚገባ ነገር አይሠራም።

ትልቁ ቅናሽ የመጣው ከሞተሩ ነው። በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በፈረንጆቹ እንጥቀስ) ጄምስ ላይትሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ነገር አሳየ፦ ከጄት ሞተር ተስፈንጥሮ የሚወጣው አየር የሚፈጥረው የድምፅ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስምንተኛ ርቢ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሺው የድምፁ ኃይል ወደ 256ኛ እጁ ይወርዳል፤ 24 ዴሲቤል ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት አየር በኃይል ከመተኮስ ብዙ አየር ቀስ አድርጎ መግፋት ተመረጠ። የድሮዎቹ ጄቶች የሳቡትን አየር በሙሉ በእሳቱ ውስጥ ያሳልፉት ነበር። በዛሬዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ውስጥ ግን በእሳቱ ዙሪያ ዞሮ የሚወጣው አየር በመሃል ከሚያልፈው አሥርና አሥራ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ፊታቸው እንደዚያ የሰፋው ለዚህ ነው። የቦይንግ 787 ሞተር የኋላ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተቆረጠውም የሚወጣው አየር ከውጭው ጋር ረጋ ብሎ እንዲቀላቀል ነው።

አንቺ ያለሽው ግን አውሮፕላኖቹ በሚያርፉበት በኩል ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ የሞተሩ ኃይል ዝቅ ስለሚል ከምትሰሚው ውስጥ ብዙው አየሩ ከተዘረጋው ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ከሚወጣው ሰሌዳ) እና ከወረደው ጎማ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው። ሞተሩን ብቻ ፀጥ ማሰኘት አይበቃም።

ወደ ፉጨቱ ልምጣ፤ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። የኤርባስ ኤ320 ዘሮች ክንፋቸው ሥር ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ግፊት ቢበዛ ማስተንፈሻ ናቸው። አየር በቀዳዳው አፍ ላይ ሲያልፍ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፋ ሰው ያፏጫል። መድኃኒቱ ከቀዳዳው ፊት የምትገጠም ትንሽ ቁራጭ ናት፤ የአየሩን አካሄድ ትረብሸዋለች፣ ፉጨቱም ይጠፋል። ሉፍታንዛ በ2014 ባሉት አውሮፕላኖች ላይ መግጠም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስብሰባው ላይ "እኛ ጋ ከሚያርፉት ኤ320ዎች ስንቶቹ ተገጥሞላቸዋል?" ብለሽ ጠይቂ። በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነውና ማምለጫ የለውም።

ዝም_በል
ተርባይን ያልከው ልክ ነው፤ ግን ታሪኩ ግማሽ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን 3 ዴሲቤል ቢቀንስ፣ ማለትም የድምፁ ኃይል ግማሽ ቢሆን፣ የበረራው ቁጥር ግን እጥፍ ቢሆን አማካዩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወረቀቱ "ለውጥ የለም" ይላል፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ በምነቃበት ሌሊት ሁለቴ እነቃለሁ።

ሰገነት፣ ባለ ቀለም የድምፅ ካርታ ያሳዩሻል። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር የዓመት አማካይ ነው። በአውሮፓ አሠራር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ድምፅ ላይ 5 ዴሲቤል፣ ከዚያ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ላይ 10 ዴሲቤል ይጨመራል። አሥሩ ዴሲቤል ሲተረጎም አንድ የሌሊት በረራ አሥር የቀን በረራ ያህል ይቆጠራል ማለት ነው። ይህ ደግ ነው፤ ሌሊቱን ያከብደዋል። ግን ሰው አማካይ አይሰማም፤ የሚሰማው አንድ በአንድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ "ከ70 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ በቀን ስንት ጊዜ ተሰማ?" የሚል መቁጠሪያም ይጠቀማሉ። ያንን ለሌሊቱ ለብቻው አውጡልን በያቸው።

ታወር
ጡረታ የወጣሁ የበረራ ተቆጣጣሪ ነኝ። ልጄ ሰገነት፣ አንድ ነገር አስቀድመሽ ያዢ፦ እያንዳንዱ ዘዴ የራሱ አድራሻ አለው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ትልቅ እፎይታ የሆነው ለአንቺ ምንም ላያደርግ ይችላል። ስብሰባ ላይ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ሥራ ያሳዩታል፣ ለሱ ያልተሠራ መሆኑን ሳያውቅ አጨብጭቦ ይወጣል።

አንደኛው ምሳሌ ሳይቋረጥ መውረድ የሚባለው ነው። አውሮፕላን በደረጃ ሲወርድ ከደረጃ ደረጃ መካከል ቀጥ ብሎ ለመብረር ሞተሩን ማጉላት አለበት፤ ያም በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ረጅም መንገድ። ከላይ ጀምሮ ሞተሩን ቀንሶ በአንድ ቁልቁለት ቢወርድ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ለዚህ ነው አየር መንገዶች በደስታ የሚቀበሉት። ተቆጣጣሪው ግን በተጨናነቀ ሰዓት በአውሮፕላኖች መካከል ርቀት ለመጠበቅ ሲል ያቋርጥባቸዋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አቋርጫለሁ። አሁን ዋናውን ስሚ፦ ጥቅሙ ያለው ከማኮብኮቢያው ከሃያ ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አውሮፕላን ያው የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ላለሽው ለአንቺ ልዩነት የለውም።

"ጎማ ዘግይተው ያውርዱ" የሚባለውም እንዲሁ። ጎማ ሲወርድ ድምፁ በግልጽ ይጨምራል፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ሰው መዘግየቱ ይጠቅማል። አንቺ ጋ ሲደርስ ግን ከፍታው 330 ሜትር ገደማ ነው፤ 300 ሜትር ላይ ደግሞ ጎማው ወርዶ፣ ፍላፑ ተዘርግቶ፣ ፍጥነቱ ተረጋግቶ መገኘት የደኅንነት ደንብ ነው። እዚያ ላይ ማንም አይደራደርም፤ መደራደርም የለበትም።

የቁልቁለቱን ማዕዘን ማሳደግስ? የተለመደው 3 ዲግሪ ነው። ፍራንክፈርትና የለንደኑ ሂትሮው 3.2 ሞክረዋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፦ ቤትሽ ላይ የአውሮፕላኑ ከፍታ ከ330 ወደ 350 ሜትር ይጠጋል። በድምፅ ሲመነዘር ግማሽ ዴሲቤል ነው። ጆሮ አይለየውም። የለንደን ሲቲ ማረፊያ 5.5 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ግን ለዚያ ቁልቁለት የተፈቀደላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖችና ለይተው የሠለጠኑ አብራሪዎች ብቻ ናቸው የሚያርፉበት። ትልቅ ጄት በዚያ አይወርድም።

ማኮብኮቢያችሁ ረጅም ከሆነ የማረፊያውን ነጥብ ወደ ውስጥ መግፋት ይቻላል። አምስት መቶ ሜትር ቢገፋ አውሮፕላኑ በላይሽ ሃያ ስድስት ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። እሱም ተአምር አይደለም፤ ከ3.2 ዲግሪው ጋር ቢደመር ግን አንድ ዴሲቤል አለፍ ይላል።

ሰገነት
ጋሼ ታወር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም አልነበረም 🙂 ታዲያ እኔ ላለሁበት የቀረው መንገዱን ማዞር ነው ማለት ነው? ከሰፈራችን በስተግራ ቤት ያነሰበት አቅጣጫ አለ። በዚያ ቢያልፉስ?

ማዶ_ሰፈር
"ቤት ያነሰበት" ያልሽው ሰፈር ውስጥ እኔ አለሁ።

ልጣላሽ አይደለም እህቴ፤ ግን ይህ ክር እንደተከፈተ እዚህ እንደሚደርስ ገምቼ ነበር። ሁሌም "ድምፅ ይቀነስ" ተብሎ ይጀመርና "ድምፁ ወደዚያ ይሂድ" ሆኖ ያልቃል። ቁጥራችን ስላነሰ ጆሯችን አያንስም።

ተርባይን
ማዶ ሰፈር የነካው ነገር የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ነው፤ ሰው በሰው ላይ የተነሳው በዚህ ነው። በድሮው የመሬት ሬዲዮ ጣቢያ ሲመሩ አውሮፕላኖች ሰፊ ቦታ ላይ ተበታትነው ነበር የሚበሩት። የሳተላይት አመራር ሲመጣ ሁሉም አንድ ቀጭን መስመር ላይ መብረር ቻሉ። በካርታ ላይ ሲታይ ድንቅ ነው፤ በድምፁ ክልል ውስጥ የሚቆጠረው ሰው ይቀንሳል። መስመሩ ሥር ላለው ግን ከእሑድ እስከ እሑድ ያለማቋረጥ ነው።

ፊኒክስ ላይ የሆነውን እዩ። በመስከረም 2014 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የመነሻ መስመሮቹን በአዲሱ ዘዴ ቀየረ፤ ያልለመዱት ሰፈሮች ላይ ድምፅ ወረደባቸው፤ ከተማዋ ከሰሰች። በ2017 ፍርድ ቤቱ ለከተማዋ ፈረደ።

ዝም_በል
በተራ መካፈልስ? ሂትሮው ሁለት ማኮብኮቢያ አለው። ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን በአንዱ ያርፋሉ፣ በሌላው ይነሳሉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይለዋወጣሉ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ከማረፊያ መስመር ሥር ያለ ሰው ግማሽ ቀን ከድምፅ ያርፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። ለእኔ ከአንድ ዴሲቤል ቅናሽ ይልቅ "ነገ ከሰዓት በኋላ ፀጥታ ነው" የሚል ሰሌዳ ይሻለኛል።

ማዶ_ሰፈር
በተራ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ለሁልጊዜ ከሆነ ግን አይሆንም። ጠዋት እነሱ፣ ማታ እኛ፤ ወይም በየሳምንቱ። ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

ሰገነት
ማዶ ሰፈር፣ ቅር አይበልህ። ስብሰባው ላይ ለምን አብረን አንሄድም? ሁለት ሰፈር አንድ ጥያቄ ይዞ ከመጣ "እናንተን ስናስደስት እነዚያ ይቆጣሉ" የሚለው መልስ ይቀርባቸዋል።

ማዶ_ሰፈር
እመጣለሁ።

አንቀጽ
የሕጉን በኩል ልጨምር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ በ2001 "ሚዛናዊ አካሄድ" የሚል መርሕ አጽድቋል። አራት ነገር ይዟል፦ ድምፁን ከምንጩ መቀነስ፣ በዙሪያው ያለውን መሬት በዕቅድ መያዝ፣ የአበራረር ዘዴን ማስተካከል፣ በመጨረሻም በረራን መገደብ። ገደብ የመጀመሪያ እርምጃ እንዳይሆን ይላል። ለዚህ ነው አስተዳደሮች ገደብ ሲጠየቁ "መጀመሪያ ሌላውን እንሞክር" የሚሉት፤ ሰበብ ብቻ አይደለም፣ መርሑም ነው። ግን "ፈጽሞ አይቻልም" ማለት አይደለም።

ሲድኒ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1995 በወጣ ሕግ የሰዓት እላፊ አላት፤ የሚፈቀዱት የተወሰኑ በረራዎች ብቻ ናቸው። ፍራንክፈርት ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ የለም፤ ያንን ያመጣው ፍርድ ቤት ነው። የጃፓኑ ኢታሚ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋል።

ሙሉ በሙሉ መዝጋት ካልተቻለ የለንደኖቹን ዘዴ እዩት። ከ1993 ጀምሮ ሂትሮው፣ ጋትዊክና ስታንስቴድ ላይ እያንዳንዱ አውሮፕላን በድምፁ መጠን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፦ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ እያለ ይሄዳል። ከምሽቱ 5:30 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው ጊዜ ለየወቅቱ የተመደበ የነጥብ ድምር አለ፤ የበረራው ቁጥርም ለብቻው ጣሪያ አለው። ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ፤ ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም_በል ያለው ይደርስ ነበር፤ ድምፃቸው የቀነሰ አውሮፕላኖች በቁጥር በዝተው ሌሊቱን ይሞሉት ነበር።

በአሜሪካ ግን ከ1990ው ሕግ ወዲህ አንድ ማረፊያ በራሱ ሥልጣን አዲስ ገደብ መጣል እጅግ ከባድ ነው። ያው ሕግ ደግሞ የድሮዎቹን ጯሂ ትልልቅ ጄቶች እስከ 1999 መጨረሻ ከሰማይ አስወጥቷል። አንድ ሰጥቶ አንድ መንሳት።

ካሳን በተመለከተ የሚጠቀሰው የ1946ቱ የኮዝቢ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከማረፊያ አጠገብ ዶሮ ያረባ ነበር። የጦር አውሮፕላኖች ከመሬቱ 25 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ሲያልፉ ዶሮዎቹ ደንግጠው ግድግዳ ላይ እየተላተሙ ሞቱ፤ ወደ 150 ዶሮ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት የሰውየውን ንብረት እንደወሰደ ይቆጠራል አለ። በ1962 ደግሞ በሌላ ጉዳይ ከፋዩ የማረፊያው ባለቤት እንጂ አየር መንገዱ እንዳልሆነ ወሰነ።

ሲሉ_ሰማሁ
"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" የሚለው ተረት አሁን ገና የፍርድ ቤት ማስረጃ አገኘ 😂

እንደኔ_እንደኔ
ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ የሚያናድድ ነገር ልጠይቅ። ማረፊያው ቀድሞ ነበረ ወይስ ቤታችሁ? ማኮብኮቢያ አጠገብ ቤት ገዝቶ ስለ አውሮፕላን ማማረር ምን ይሉታል?

ዝም_በል
ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ እውነት ዓይኑ እያየ ነው የገባው። ግን ሰው በገባበት ጊዜ በቀን የሚያልፈው በረራና ዛሬ የሚያልፈው አንድ አይደለም። መስመሩም ይቀየራል፤ የፊኒክሶቹ ቤታቸውን ሲገዙ መስመሩ እዚያ አልነበረም። ደግሞ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ማነው?

አንቀጽ
የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ትክክሏ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰርፍሪጅ የሚባል ባሕር ዳር ያለ ሰፈር ነበር፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሥር። ጄት ሲመጣ መኖር አልተቻለም፤ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ቤቶቹ እየተገዙ ፈረሱ። ዛሬ መንገዶቹ ብቻ ቀርተው ቦታው የአንዲት ብርቅዬ ሰማያዊ ቢራቢሮ መጠበቂያ ሆኗል። ጃፓኖች ደግሞ ኦሳካ ላይ የኢታሚ ጭቅጭቅ ሲያስቸግራቸው ባሕር ውስጥ ደሴት ሠርተው በ1994 ካንሳይን ከፈቱ፤ እሱ ሌት ተቀን ይሠራል። ሁለቱም መሬቱን አስቀድሞ አለማሰብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ነው የሚያሳዩት። ሰገነት፣ ማረፊያችሁ ገና እየሰፋ ከሆነ "በዚህ መስመር ሥር አዲስ ትምህርት ቤትና መኖሪያ እንዳይፈቀድ ከከተማው ጋር ተስማምታችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ አይደርስም፤ ለሚመጣው ይደርሳል።

ዶክተር_እንቅልፍ
ትምህርት ቤት ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። ሙኒክ በግንቦት 1992 አሮጌውን ማረፊያ ዘግታ አዲሱን በሌላ ቦታ ስትከፍት ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ ያሉ ልጆችን ከለውጡ በፊትም በኋላም ፈተኗቸው። በአሮጌው ዙሪያ የነበሩት ልጆች ንባባቸውና የረጅም ጊዜ ትውስታቸው ተሻሻለ፤ በአዲሱ ዙሪያ ያሉት ደግሞ ወረደ። ያው ሕፃን፣ ያው ትምህርት፣ የተቀየረው ድምፁ ነው። በ2005 በአምስተርዳሙ ስኪፖል፣ በሂትሮውና በማድሪዱ ባራሃስ ማረፊያዎች ዙሪያ ከ2,800 በላይ ልጆች ላይ የተሠራው ጥናትም ድምፅ በጨመረ ቁጥር ንባብ ወደኋላ እንደሚቀር አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ በቀንና ሌሊት ድምር መለኪያው ከ45 ዴሲቤል በታች፣ ሌሊት ደግሞ ከ40 በታች እንዲሆን መክሯል። ብዙ ማረፊያዎች ካርታቸውን የሚጀምሩት ከ55 ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ መስመሩ 65 ነው። ስለዚህ "ከክልሉ ውጪ ናችሁ" ሲሏችሁ የማን ክልል እንደሆነ ጠይቁ።

ተርባይን
ስለ መሬት ላይ ድምፅ የረሳሁት ነበር። አውሮፕላን በር ላይ ቆሞም ይጮኻል፤ ጭራው ውስጥ ያለችው ትንሽ ረዳት ሞተር፣ ኤፒዩ፣ መብራትና አየር ለመስጠት ስትሠራ ነው። ማረፊያው በየበሩ የኤሌክትሪክ ገመድና የቀዘቀዘ አየር ቱቦ ካዘጋጀ አብራሪው ኤፒዩውን ያጠፋል። ርካሽ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የሚቃወመውም የለም። ሞተር መሞከር ካለበትም በሦስት በኩል በተከለለ ማቀፊያ ውስጥ፣ በቀን።

አሁን የምወደው ታሪክ። ስኪፖል በ2003 አዲስ ማኮብኮቢያ ከፈተ፤ አገሩ ሜዳ ነው፣ አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር የሚወጣው ጥልቅ ጉርምርምታ መሬት ለመሬት እየሄደ ከሩቅ ያሉትን ቤቶች ያናውጥ ጀመር። የሚገርመው፣ ገበሬዎች በመኸር ማሳቸውን ሲያርሱ ድምፁ ይቀንስ ነበር። ትልሙ ድምፁን ይበትነው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ተነስተው ሜዳው ላይ በትልቁ አረሱት፦ ከሰው ቁመት የማያንሱ ረጃጅም የአፈር ክምሮች፣ በመካከላቸው አሥራ አንድ ሜትር ገደማ፤ ይህም የዚያ ጉርምርምታ የሞገድ ርዝመት ያህል ነው። በ2013 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ሰው ይዝናናበታል። ሰገነት፣ ሰፈራችሁ "ግንብ" ያለው ሐሳብ ትንሽ ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለሚነሳ አውሮፕላን እንጂ ከላይሽ ለሚያርፈው አይደለም።

ሰገነት
ተመስገን፣ ዛፍና ግንቡን ለጎረቤቶቼ እንዴት እንደማስረዳ አሁን ገባኝ። የቀረኝ መስኮት ነው። አንዳንድ ማረፊያዎች የቤት መስኮት ይቀይራሉ ይባላል። እውነት ይሠራል?

መስተዋት_ቤት
ይሠራል፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰው ከውጭው ድምፅ የሚቀነስለት ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ነው። ደህና ተደርጎ የተዘጋ ባለ ሁለት መስተዋት 30 እና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የሁለቱ መስተዋቶች ውፍረት የተለያየ ይሁን፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መስተዋቱን አሳምሮ የክፈፉን ዙሪያ ክፍተት መተው ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው።

ዋናው ግን አየር ነው። መስኮት ዘግተሽ የምትኖሪ ከሆነ ድምፅ የሚያፍን አየር ማስገቢያ አብሮ ካልተገጠመ በሙቀት ጊዜ ሁሉም ሰው መስኮቱን ይከፍትና ሥራው ከንቱ ይሆናል። ያየሁት ነው፤ አንድ ማረፊያ መስኮት ብቻ ቀይሮ ሄደ፣ ነዋሪው ክረምት አመሰገነ፣ በበጋ ረገመ። ስለዚህ "መስኮትና አየር ማስገቢያ" ብለሽ በአንድ ቃል ጠይቂ፤ ጣሪያውንም አትርሺ፣ አውሮፕላን ከላይ ነው የሚመጣው። የመኝታ ክፍል ይቅደም። ግቢና በረንዳ ግን በዚህ አይድንም።

ሰገነት
ጋሼ ታወር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጎረቤቶቼ በስልክ የቀዱት የድምፅ ቅጂ በብዛት አላቸው፤ አንዷም በየቀኑ አቤቱታ ትጽፋለች። ይዤው ልሂድ?

ታወር
ቅጂውን ተዪው። የስልክ ማይክ ዴሲቤል አይለካም፤ አንድ ባለሙያ ከመሃከላቸው ተነስቶ ያንን ካፈረሰብሽ የቀረውም ንግግርሽ አብሮ ይወድቃል። በምትኩ በሰፈራችሁ ቋሚ የድምፅ መለኪያ ጣቢያ እንዲተክሉ፣ ውጤቱንም ከበረራው መስመር ጋር አያይዘው ለሕዝብ እንዲከፍቱ ጠይቂ። ብዙ ማረፊያዎች ያደርጉታል፤ ከተወሰነለት ድምፅ በላይ የጮኸውን የሚቀጡና ለጯሂ አውሮፕላን የማረፊያ ክፍያ የሚያስወድዱም አሉ።

አቤቱታው ላይ አንድ ምክር። በዋሽንግተኑ ሬገን ማረፊያ በ2015 ከቀረቡት 8,760 አቤቱታዎች ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑት ከአንድ ቤት የመጡ ነበሩ። አስተዳደር እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ "አንድ ሰው ነው የሚጮኸው" ይልበታል። የሰፈራችሁን ሴትዮ ብዙ አትከልክሏት፤ ግን ከሃምሳ ቤት አንድ አንድ አቤቱታ ይጻፍ፣ ሰዓቱና ቀኑ ተጠቅሶ። ማዶ ሰፈሮችም እንዲሁ።

ከሁሉም አስቀድመሽ ግን ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ አስመጪ፦ በየሰዓቱ ስንት በረራ በየትኛው ማኮብኮቢያ ጫፍ እንዳረፈና እንደተነሳ፣ ከነአውሮፕላኑ ዓይነት። ይህ መረጃ ማማው ውስጥ በእርግጠኝነት አለ፤ እኔም ስሞላው ኖሬያለሁ። ሌሊት በናንተ በኩል የሚያርፉት ነፋስ አስገድዷቸው ነው ወይስ ለአየር መንገዱ መንገዱ ስላጠረለት፣ ከሱ ላይ ይታያል። ነፋሱ ፀጥ ባለ ሌሊት በሌላው ጫፍ ማሳረፍ የሚቻል ከሆነና እዚያ በኩል ቤት ከሌለ፣ ያ ለአንቺ ከመስኮቱም ከቁልቁለቱም ይበልጣል። ሰንጠረዡን ሲሰጡሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እናነበዋለን።